ነጠላዬን የተራመደው ቡጢ

ከዓመት በፊት በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር የፈተና መልስ ነበር። አሁን አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ሁለተኛውን አጋምሻለሁ፤ እጄ አልቆም ብሎኛል። የጻፍኩትን ለክፍል ጓደኞቼ ሳነብላቸው፣ እነዚያ ለአስተማሪ እንኳን ዝም የማይሉት ልጆች ጸጥ ሲሉ የሚሰማኝን ደስታ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ይሄኛውን ግን ለማንም አንብቤ አላውቅም። ደም አለበት፣ ጥርስ አለበት፣ የእኔም ጥፋት አለበት። እናንተ መጀመሪያ ስሙት።

ስሜ ሰሚራ ነው፣ ቤት ውስጥ ሰሚ ይሉኛል። አባቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ከገበሬ ይረከብና አስፋልቱ ዳር ካለው መጋዘናችን በአይሱዙ ያስጭናል፤ መኪናው ጣርማ በርን ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ያኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አስራ አንደኛ ክፍል። በክፍል ውስጥ ድምፄ የማይሰማ፣ በስልክ ግን ምላሴ የረዘመ ልጅ ነበርኩ።

ግንቦት ላይ የአክስቴ ልጅ ያሲን ከፈረንሳይ መጣ። አክስቴ ዘሀራ ባሏ ሲሞትባት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ በጅቡቲ በኩል የወጣች ሴት ናት፤ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ከአስራ ሰባት ዓመት በኋላ ልጁ ከሚኒባስ ሲወርድ መጀመሪያ የወጣው ትከሻው ነው፣ ሌላው ሰውነቱ ቆይቶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ሲሉት ያ ተራራ የሚያህል ሰው ምን አለ መሰላችሁ?

«እማዬ ሰላም ብላለች። ሽንቴ መጥቷል።»

አማርኛው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሰውነቱ አድጓል፣ ቋንቋው ግን እዚያው ሚኒባስ ተራ ላይ እናቱን እጇን ይዞ እንደቆመ ነው። እናቴ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት።

ሥራው ራግቢ መጫወት ነው። እኔም እሱ እስኪመጣ አላውቀውም ነበርና ላስረዳችሁ። ኳሱ ክብ አይደለም፣ እንደ ትንሽ ሐብሐብ ሞላላ ነው። በእጅ ይዘው ይሮጣሉ። የያዘውን ሰው ሌላው በትከሻው ይገጨዋል፣ ወገቡን አቅፎ መሬት ላይ ያነጥፈዋል። ፋውል አይደለም! ጨዋታው ራሱ እሱ ነው። ቡጢ ግን ክልክል ነው። ዳኛ ፊሽካ ከነፋ በኋላ ደግሞ ሰው መንካት ክልክል ነው።

«ፊሽካ፣ ቁም» ይላል ያሲን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ። «ከፊሽካ በኋላ የሚመታ ወንድ አይደለም።»

ሜዳ ላይ እንዲህ ነው። ከሜዳ ውጭ ግን አንድ ቀን አንድ ምግብ ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ ሰደበው፣ ያሲንም መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። የሰውዬው መንጋጋ ተሰበረ፣ የቆመ ሰው ሁሉ ቀረጸው፣ የአገሩ ጋዜጣ ጻፈው። ክለቡ አገደው። ጉዳዩ የሚታይበት ቀጠሮ አንድ ወር ቀርቶታል። ጠበቃው «ከዚህ አገር ዞር በል፣ እስከ ቀጠሮው ዝንብ እንኳን እንዳትመታ፤ ሁለተኛ ነገር ከተሰማ ከእንግዲህ ማንም ክለብ አይነካህም» ብሎ ነው የላከው። እናቱ ደግሞ «ሮቢት ሂድ፣ እዚያ ሰላም ነው» አለችው።

እኔ ምን አደረግሁ? ቪዲዮውን ፈልጌ አገኘሁት።

እውነቱን ልናገር፣ አርባ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። የሰውዬው አንገት ዞሮ ጉልበቱ ሲከዳው እያየሁ ልቤ ደስ ይለው ነበር። ያ ክንድ የእኛ ቤት ክንድ ነው እያልኩ። ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁላቸው፣ ከላዩ ላይ «የአክስቴ ልጅ ነው፣ አንድ ቡጢ ብቻ!» ብዬ ጽፌ። ለሁለት ብቻ። በሦስተኛው ቀን ያሲን በመንገድ ሲያልፍ የባጃጅ ሹፌሮች ክላክስ እየነፉ «አንድ ቡጢ! አንድ ቡጢ!» ይሉት ጀመር። እሱ የሰፈሩ ሰላምታ መስሎት እጁን ያውለበልብላቸዋል።

ቁጭ ማለት ስለማይችል ጠዋት ጠዋት መጋዘናችን እየሄደ ሽንኩርት ይጭን ጀመር፤ ለሰውነት እንቅስቃሴ። ጫኞቹ መጀመሪያ ወደዱት። አለቃቸው ተስፋዬ ይባላል፣ የሚጠሩት ግን ክሬን ብለው ነው፤ ሁለት ማዳበሪያ ሽንኩርት ደራርቦ የመኪናውን መወጣጫ ሳንቃ የሚወጣ ሰው ከእሱ በቀር ሮቢት ላይ የለም።

«አንተ ፈረንሳይ! ሽንኩርት ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም፣ አትቀፈው!» ይለዋል ክሬን።

«ሙሽራ ትሸታለች» ይላል ያሲን፣ ሁሉም በሳቅ ይወድቃል።

ቪዲዮው ስልካቸው ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ሳቁ መልኩን ቀየረ። ጫኞቹ ተስፋዬን በነገር መጎንተል ያዙ። ጎንበስ ሲል «ክሬን፣ ቀስ በል፣ አንድ ቡጢ ይጥልሃል»፣ ውሃ ሲጠጣ «ጠጣ፣ ጠጣ፣ ስትወድቅ ይጠቅምሃል»። አስራ አምስት ዓመት በዚያ ግቢ ውስጥ የማይነካ ሰው ነበር። ማዳበሪያውን እየደራረበ ወጣ ወረደ፤ ነገሩ እንደሚያስፈራ የገባኝ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከያሲን ጋር ሮቢ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ማንጎ በላን። ማዶ ሁለት ልጆች ይደባደባሉ። አንዲት ልብስ አጣቢ ስትጮህባቸው ተለያዩ። ያሲን ማንጎውን ይዞ ፈዘዘ።

«እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ» አለኝ፣ «አባዬ እና አጎቴ ተጣሉ። አጎቴ ገጀራ ይዟል። እማዬ መጣች፣ ነጠላ በመሃል ጣለች። ሁለቱም ቆሙ። አጎቴ ገጀራውን ጥሎ አለቀሰ።»

«አሁንም እንደዚያ ነው» አልኩት። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሴት በሚጣሉ ሰዎች መሃል ነጠላዋን ካነጠፈች ጠቡ እዚያ ያበቃል። ያንን የተራመደ እናቱን እንደረገጠ ነው የሚቆጠረው።

ያሲን ጣቱን ልሶ ሳቀ። «ነጠላ ፊሽካ ነው» አለ።

ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄድኩ። የግንቦትን የሮቢት ቀትር ያየ ያውቀዋል፤ አስፋልቱ ጫማ ይዞ የሚያስቀር ይመስላል። ከሻሼ በላይ የእናቴን ነጭ ነጠላ ጣል አድርጌ ነበር። ግቢው በር ላይ ስደርስ የጭነት ድምፅ የለም። ሃያ የሚሆኑ ጫኞች ክብ ሠርተዋል። መሃል ላይ ተስፋዬ ሸሚዙን አውልቋል። ያሲን ትከሻው ላይ ማዳበሪያ ሽንኩርት እንደተሸከመ ቆሟል።

«አውርደውና ና እስኪ» አለው ተስፋዬ። «ፈረንሳይ የመታኸው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር አሉ። እኔ አልጠጣሁም።»

ያሲን ማዳበሪያውን ቀስ ብሎ አወረደ። «አልጣላም። ጠበቃ አይሆንም ብሏል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ጠበቃ አለው! ጥራውና እሱንም እንጫነው!»

ተስፋዬ አልሳቀም። ቀረብ ብሎ በጥፊ ጠረቀው። ያሲን ሁለት እጁን ወደ ኋላ ወስዶ ጣቶቹን አቆላለፈ፣ እንዲህ፣ እንደ እስረኛ። ሁለተኛው ምት ቡጢ ነበር፤ አፍንጫው ላይ አረፈ፣ ደሙ ከንፈሩን አልፎ አገጩ ላይ ወረደ። ሦስተኛው ዓይኑ ላይ። አሁንም እጁ ከኋላው ነው። እኔ «ተዉ! ኧረ ተዉ!» እላለሁ፣ ድምፄ ግን ከጉሮሮዬ አይወጣም። አባቴ መጋዘኑ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ነበር።

«አይመታም እኮ!» አለ ተስፋዬ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «ይሄ ነው ያስፈራራችሁኝ? የሴት ልጅ!»

ያሲን ብዙ አማርኛ ረስቷል። አባቱ የሞተበት ሕፃን በዚያች ቃል ስንት ጊዜ እንደተሰደበ እንጃ፣ ይቺን ግን አልረሳትም።

ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ትከሻ ብቻ ነው። ተስፋዬን ከወገቡ በታች ገጭቶ፣ ከመሬት አንስቶ፣ አራት እርምጃ ወስዶ ከተከመረው ሽንኩርት ላይ ተከለው። ማዳበሪያዎቹ ፈነዱ። ቀዩ ሽንኩርት ከመኪናው ሥር ሳይቀር ተንከባለለ። ያሲን ወዲያው ተነስቶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ሸሸ። «በቃ! ጨዋታ ነው! በቃ!» ይላል። እውነትም ቡጢ አልሰነዘረም።

ለተስፋዬ ግን ጨዋታ አልነበረም። ጀርባው ሽንኩርት፣ ፊቱ አፈር ሆኖ ተነሳ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀበት ነው። ሚዛኑን ለሁለት ተሸክመው የሚሰቅሉበት ወፍራም እንጨት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አነሳው። የመጀመሪያው የያሲን ትከሻ ላይ አረፈ፣ «ቋ» ሲል ሰማሁት። ሁለተኛው ጆሮውን ለሁለት ሰነጠቀው። ያሲን በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። አሁን የሚስቅ የለም። ተስፋዬ እንጨቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ፤ ያ ቢያርፍ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። የምሳው ሳህን ወደቀ። በመሃላቸው ገብቼ ነጠላውን ከራሴ ገፍፌ አፈሩ ላይ ዘረጋሁት። «በእናታችሁ!» አልኩ። ድምፄ ያን ጊዜ ወጣ፤ አስፋልቱ ማዶ ድረስ።

ተስፋዬ አየው። ክንዱ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እንጨቱን ከጎኑ ጣለው፣ ሁለት ክንዱም እንደተቆረጠ ገመድ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ያ ሁሉ ቁጣው እላዩ ላይ እያለ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ቆመ።

ያሲን ከጉልበቱ ተነሳ። ደም ከጆሮው እስከ ክርኑ ይወርዳል። ዓይኑ ነጠላው ላይ ወረደ። አየው። ሁለት ሰከንድ ያህል። እኔ አበቃ ብዬ መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ግራ እግሩ ነጠላዬ መሃል አረፈ።

ቡጢውን አላየሁትም። ድምፁን ነው የሰማሁት፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንዲያ ያለ ድምፅ አለው። ተስፋዬ እጁን ሳያነሳ ተመታ። ወደ ኋላ ሄዶ ጭንቅላቱ ከመኪናው የኋላ ብረት ጋር ተላተመ፣ ከዚያ እንደ ማዳበሪያ ወረደ። ነጠላዬ ላይ የጫማ ፈለግ፣ ደም፣ ሁለት ጥርስ።

አርባ ጊዜ በስልክ ያየሁትን ቡጢ አንድ ጊዜ ከአጠገቤ ሰማሁት። በስልክ ላይ ድምፁም የለም፣ የደሙም ሽታ የለም። የተመታው ሰውዬ ዓይን ነጩ ብቻ ሲቀር አይታይም።

አንዱ «ተራመደው» አለ፣ በሹክሹክታ። ሌላው «ነጠላ ተራመደ!» ብሎ ጮኸ። መታው ያለ የለም፤ «ተራመደው» ነው የሚሉት። የመጀመሪያው ድንጋይ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። አባቴ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዞ መጋዘን ውስጥ ወረወረንና የብረቱን በር ዘጋው።

ሦስት ሰዓት ያህል እዚያ ውስጥ ቆየን። የቆርቆሮው ግድግዳ ድንጋይ ሲያርፍበት እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። «አውጡት!» ይላሉ። «እናወጣዋለን!» በብረት በሩን የሚገዘግዝም ነበር። ውስጡ እሳት ነው፣ የሽንኩርቱ ሽታ ዓይን ይቆርጣል፤ ማን እያለቀሰ እንደሆነ ማን ሽንኩርት እንደለበለበው መለየት አይቻልም። ውጭ ተስፋዬን በባጃጅ ሆስፒታል ወስደውታል። አልነቃም ይላሉ።

ያሲን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ጆሮውን በሸሚዜ እጅጌ ይዤለት ነበር።

«ሞተ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

በሩ ላይ ሌላ ድንጋይ። ቆየና «ሰሚ» አለኝ፣ «ነጠላውን አየሁ።»

«ዝም በል» አልኩት፤ አባቴ በስልክ ከአክስቴ ከዘሀራ ጋር እያወራ ነበር።

«ፊሽካ ሰማሁ። እጄ ሄደ።» ራሱን ነቀነቀ። «አይ። እጄ አይደለም። እኔ ነኝ የሄድኩት።»

አባቴ ስልኩን ዘግቶ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። «ስሙኝ» አለ። «የዛሬውን አንዱ ቀርጾታል፤ ቪዲዮው ወጥቷል፣ ፈረንሳይ ደርሷል። ጠበቃው አንድ መንገድ ብቻ አለ ይላል። በእንጨት የተመታው እሱ ነው፣ ይሄ ይታያል። የነጠላውን ሥርዓት ግን አያውቅም፣ የውጭ ልጅ ነው፣ ጠቡ ያበቃ አልመሰለውም ብለው ሽማግሌዎች በወረቀት ከፈረሙ ራሱን ሲከላከል ነው ይባላል። አለዚያ ቀረ።»

ያሲን እኔን አየኝ። እኔ ሽንኩርቱን አየሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ውጭ ያለው ጩኸት ተቋረጠ። የሴት ድምፅ ነው ያቋረጠው። እትዬ አስካለ፣ የተስፋዬ ታላቅ እህት፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት ያላት፣ ሹፌር ሁሉ የሚፈራት ሴት።

«ወንድሜ ነቅቷል!» አለች። «መንጋጋው ተሰብሯል፣ ግን ነቅቷል። አሁን ይሄን በር የሚነካ ከእኔ ጋር ነው። ነገ በሽማግሌ እንቀመጣለን። ሂዱ ወደ ቤታችሁ!»

ያሲን ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ ሽንኩርት አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌ በሚሰበሰብበት ሾላ ሥር ተቀመጥን። በእኛ በይፋት ደም እንዳይቀጥል የሚያስታርቁት ሽማግሌ አበጋር ይባላሉ፤ የእኛ አባ እንድሪስ ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እሳቸው ጋር ነው የሚሄደው። ግራና ቀኛቸው ሁለት ሁለት ሽማግሌዎች። ተስፋዬ ጭንቅላቱና መንጋጋው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አፉ ተዘግቶ፣ እህቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ መጣ። ያሲን ፊት ለፊት፣ ጆሮው ተሰፍቶ። ነጠላዬ መሃል ላይ ተዘርግቷል፣ እንዳለ፣ ከነፈለጉ።

አባ እንድሪስ ዱዓ አደረጉና ነገሩን ሰሙ። ብዙ ክርክር አልነበረም፣ ሁሉም አይቷል። «ልጁ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እዚህ የለም» አለ አባቴ። «ሥርዓታችንን ከየት ያውቃል?» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አስካለም «ካላወቀማ...» አለች። ሁሉም ለይቅርታ ተዘጋጅቷል፤ ሰው ምሕረት ማድረግ ሲፈልግ ፊቱ ያስታውቃል።

«ጽሕፈት የምታምር ልጅ ናት» አለ አባቴ ወደ እኔ እያመለከተ። «እሷ ትጻፍ።»

እስክሪብቶና ወረቀት ሰጡኝ። አባ እንድሪስ ቀስ እያሉ ያስጽፉኛል። ቀኑን ጻፍኩ፣ የተስፋዬን ጉዳት ጻፍኩ፣ እንጨቱን ጻፍኩ። «ያሲን የተባለው ልጅ» አሉ፣ «በውጭ አገር ያደገ በመሆኑ፣ የነጠላውን ሥርዓት ሳያውቅ...»

«ሳ» ብዬ ጻፍኩ። ቆምኩ።

ይሄን ቃል ብጽፈው ያሲን ሥራው ይተርፋል። በእኔ ጥፋት የጀመረ ነገር በእኔ እጅ ይዘጋል። አንዲት ቃል ናት። ግን ዓይኔ ከወረቀቱ አልፎ ነጠላው ላይ አረፈ። ተስፋዬ ያን እንጨት ከራሱ በላይ ይዞ፣ ሊገድል ደርሶ፣ ለእኔ ብሎ ነው የጣለው። በባዶ እጁ የተመታው እኔን አምኖ ነው። እኔ ደግሞ ወንዝ ዳር የሰማሁትን እያወቅሁ ያንን በቆንጆ ጽሕፈቴ ልሸፍነው ነው?

«ምነው ልጄ?» አሉኝ አባ እንድሪስ።

«አባባ፣ እጄ አልሄደልኝም።»

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። ይቺን ቃል እኔ አልጽፋትም። ሌላ ሰው ይጻፋት።»

«ሰሚራ!» አለ አባቴ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ትልቅ ጥላ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ያሲን ተነስቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ «ሽማግሌን አንተ አይባልም» ብዬ አስተምሬው ነበርና ተጠንቅቆ ተናገረ።

«አባባ፣ እርስዎ ይስሙኝ። አውቃለሁ። ነጠላ አውቃለሁ። እማዬ ጥላ ነበር፣ እኔ ትንሽ ሆኜ። አይቼ ነው የመታሁት።»

አባ እንድሪስ በጣታቸው ወደ ወረቀቱ ጠቆሙ። «ይሄ ወረቀት የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ሥራህ እንደሚቀር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

ያሲን ቃል ፈለገ። በዚያች በትንሿ አማርኛው ውስጥ ሲፈልግ ይታያል። «እሱ ቆመ» አለ ወደ ተስፋዬ እያመለከተ። «እኔ አልቆምኩም።»

እትዬ አስካለ ብድግ አለች። «ባያውቅ ነው ብዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ አንጀቴን ሳበርድ ነበር!» አለች፣ ሄዳም በጥፊ አጮለችው። አንድ። ሁለት። ቁመቱ አላደርስ ብሏት ስትንጠራራ ያሲን ጎንበስ አለላት፣ እንድትደርስ። ሦስተኛው እጇ አየር ላይ ቀረ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ያኔ ተስፋዬ አጠገቤ መጣ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደው። አፉ ስለታሰረ መናገር አይችልም። በዚያ ማዳበሪያ በሚያነሳ ጣቱ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ ከእኔ «ሳ» አጠገብ እንዲህ ጻፈ፦ እኔም በእናቱ ሰድቤዋለሁ። ይጻፍ።

ወረቀቱን ቀይረን እንደገና ጻፍነው፣ ሁሉንም። አንብቤ ሳበቃ እንባ ያልያዘው ሽማግሌ አልነበረም፤ አባቴ ብቻ ወደ አስፋልቱ ያያል። ያሲን ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተስፋዬ እግር ሥር ወደቀ፣ ተስፋዬ ድንጋዩን አወረደለት። ፍርዱ ይሄ ሆነ፦ የተስፋዬ መንጋጋ እስኪገጥም የእሱን ጭነት ያሲን ይጭናል።

የክለቡ መልስ ሲመጣ ያሲን ሳንቃው ላይ ነበር። ስልኩን አውጥቶ አነበበ። ኪሱ ከተተው። ማዳበሪያውን አስተካክሎ ወደ ላይ ወጣ። ሲወርድ «በቃ አሉ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ተስፋዬ መንጋጋው እንደታሰረ ጥላ ሥር ተቀምጦ በእጁ ይመራዋል፤ አትቀፈው፣ አትቀፈው እያለ። ሁለቱም ሳቁ፤ አንዱ በአፉ፣ አንዱ በዓይኑ። አባቴ ለአስራ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በአስራ ሦስተኛው ቀን ያቺን እስክሪብቶ ደብተር ላይ አስቀምጦ ጠረጴዛዬ ላይ ተወልኝ። እስከ ዛሬ ስለሱ አላወራንም።

አንባቢዎቼ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፍን ብያለሁ። አልጻፍንም። የሚጎድል ስም አለ፣ የእኔ። «አንድ ቡጢ ብቻ!» ብዬ ለሁለት ሰው ባልልክ ጫኞቹ በተስፋዬ አይቀልዱም፣ ተስፋዬም ሸሚዙን አያወልቅም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። በዚያች ቃል ላይ እጄን ያቆምኩ ጎበዝ ልጅ ተብዬ ስመሰገን አፌን ዘግቼ ተመሰገንኩ። ይሄው አሁን በራሴ እጅ ጻፍኩት፤ የሚገርማችሁ፣ ቀለል አለኝ። ነገ ይሄን ይዤ መናኸሪያው በር እሄዳለሁ፣ ለእትዬ አስካለ አነብላታለሁ። ጥፊ ካለም ጎንበስ እልላታለሁ።

እናንተም ስልካችሁ ላይ የሰው አንገት ሲዞር እያያችሁ ፈገግ የምትሉ ከሆነ አልፈርድባችሁም፣ ከእኔ በላይ ያየ የለም። ድምፁን ግን አልሰማችሁትም።

ያሲን አሁን ፈረንሳይ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ቀን ሥራውን ውሎ ማታ ለጨዋታው ፍቅር ብቻ በሚጫወትበት ቡድን ውስጥ ይጫወታል፤ ቀን መጋዘን ይጭናል። ባለፈው ሳምንት ቪዲዮ ላከልኝ። ዝናብ ነው፣ ሜዳው ጭቃ። ፊሽካ ተነፍቷል። ፊሽካው ካለፈ በኋላ አንድ ግዙፍ ሰውዬ መጥቶ በግንባሩ ገጨው፣ የሆነ ነገርም አለው። የያሲን ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ ወረደ። ቡጢው ሲጨበጥ አየሁት።

ያሲን ዓይኑን ዝቅ አድርጎ በእሱና በሰውዬው መሃል ያለውን መሬት አየ። ሁለት ሰከንድ ያህል። ከዚያ አንድ ነገር እንዳይረግጥ የተጠነቀቀ ይመስል፣ እግሩን ወደ ጎን እያነሳ ዞሮ ሄደ።

ደጋግሜ አየሁት። ሳሩ ላይ ምንም አልነበረም።